ወፍ ለማየት ወደ ቆላ ገደሎችና ወንዞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአዲስ አበባ ተነስተን ወደ አዋሽ፣ ወደ ሶፍ ዑመርና ወደ ቦረና ቆላ ወፍ ማየት የሚወዱ እንግዶችን ይዘን እንወርዳለን። ከዚህ በታች ያሉት ሰዎች ከመመዝገባቸው በፊት በስልክ የሚጠይቁን፣ አንዳንዴም መንገድ ላይ መኪና ውስጥ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ወፍ ለማየት በረሃ መውረድ ምን ያስፈልጋል? ደጋው ላይ ወፍ ሞልቶ የለም እንዴ?

ሞልቷል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት ተመዝግቧል፤ ከዚያ ውስጥ ጥቂት የማይባለውን እዚሁ እንጦጦ ላይ ወይም ገፈርሳ ግድብ ዳር ቆሞ ማየት ይቻላል። ቆላው ግን የራሱ ነገር አለው። ዝናብ በሚያጥርበት አገር ውሃ የሚገኘው በገደል ሥር በሚያልፍ ወንዝ፣ ከድንጋይ ሥር በሚፈልቅ ምንጭ ወይም ክረምት ትቶት በሄደ ኩሬ ብቻ ነው። ስለዚህ ክንፍ ያለው ሁሉ ውሎ አድሮ ወደዚያው ይመጣል። ጫካ ውስጥ ድምፁን ሰምተው ላባውን ሳያዩ የሚመለሱበት ጊዜ ብዙ ነው። ቆላ ላይ በሰዓቱ ውሃው ዳር ከተቀመጡ ወፉ ራሱ ይመጣልዎታል። የእኛ ሥራም በአብዛኛው የትኛው ውሃ፣ በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት የሚለውን ማወቅ ነው።

ሳንድግራውስ የሚባለውን ወፍ እንውሰድ። ቁመናው ከርግብ ብዙም አይርቅም፤ ቀለሙ ከአሸዋው ጋር ስለሚመሳሰል መሬት ላይ ከተቀመጠ ዓይን ያልፈዋል። ምግቡ ደረቅ ዘር ስለሆነ ውሃ ፍለጋ ረጅም መንገድ ይበራል። ሆዱ ጠቆር ያለ ቡናማ የሆነው ዓይነት ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል በመንጋ እየጮኸ ይመጣል፤ ሊክተንስታይን የሚባለው ደግሞ ፀሐይ ጠልቃ መሬቱ ደንገዝገዝ ሲል ነው የሚወርደው። ጫጩት ያለው ወንድ ጠጥቶ ብቻ አይሄድም። ወደ ውሃው ገባ ብሎ ሆዱን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ ይነክራል። የሆዱ ላባ ልክ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይይዛል። ያንን ይዞ በረሃውን አቋርጦ ይበራል፤ ጫጩቶቹም ከላባው እየመጠጡ ይጠጣሉ። ይህን አሥር ሜትር ላይ ሆኖ ያየ ሰው ሁለተኛ “ወፍ ምኑ ይታያል?” ብሎ አይጠይቅም።

ወዴት ወዴት ነው የምትሄዱት?

ለጀማሪም ለአንጋፋም መነሻችን አዋሽ ነው። አዋሽ ወንዝ ጊንጪ አካባቢ ከደጋ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በመተሐራና በአዋሽ ሰባት መካከል፣ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ደቡባዊ ወሰን ላይ፣ ፏፏቴውን ከወረደ በኋላ እስከ 150 ሜትር ጥልቀት ባለው ገደል ውስጥ ይገባል። ማለዳ የገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ወደ ታች ሲያዩ ወፎቹ የሚበሩት ከእግርዎ በታች ነው። ጥቁር ንስር ገደሉን ታክኮ ሽኮኮ ፍለጋ ሲያልፍ የሚያዩት ጀርባውን ነው፤ ጥቁሩ ጀርባ ላይ የተሳለችው ነጭ ምልክት ቁልጭ ብላ ትታያለች። ከታች ሆኖ ሽቅብ ለሚያይ ሰው ይህ አይገኝም። በገደሉ ስንጥቆች ውስጥ ሄምፕሪች የሚባለው ትልቅ ቀይ ምንቃር ወፍ ይራባል። ሴቷ እንቁላል ስትታቀፍ የጎጆው በር በጭቃ ይደፈንና ምንቃር ብቻ የምታሾልክ ቀዳዳ ይቀራል። ወንዱ እየተመላለሰ በዚያች ቀዳዳ ይቀልባታል።

ከፏፏቴው ወደ ሰሜን ሲሄዱ የፈንታሌ ተራራ አለ፤ ከፍታው 2,007 ሜትር ነው። ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ያፈሰሰው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዛሬም እንዳለ ተነጥፏል። በዚያ ጥቁር ድንጋይ ላይ የምትኖር፣ እሷም ድንጋዩን የምትመስል ጠቆር ያለች ትንሽ ወፍ አለች፤ በዓለም ላይ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አትገኝም፣ እዚሁም ቢሆን የምትታይባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። በዚሁ ዙሪያ ባሉ ቁጥቋጦማ ሸለቆዎች ጉሮሮዋ ላይ ቢጫ ያለባት፣ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነች ዘር በል ወፍ እንፈልጋለን። ከዚያ አልፎ በዘንባባ የተከበበው ፍልውሃ፣ ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የአላይደጌ ሜዳ ይመጣል። አላይደጌ ላይ ሰጎን፣ እንዲሁም የዓረብና የኮሪ ባስታርድ የሚባሉ ትልልቅ የሜዳ ወፎች ይገኛሉ። ኮሪ መብረር ከሚችሉ ወፎች ሁሉ ከከባዶቹ አንዱ ነው። ዕድል ከቀናዎት ደማቅ ቀይ ንብ በል ወፍ ኮሪው ጀርባ ላይ እንደ ፈረሰኛ ተቀምጦ፣ ኮሪው ሣር ሲረግጥ የሚነሳውን አንበጣ እየዘለለ ሲለቅም ያያሉ።

ሁለተኛው ሶፍ ዑመር ነው። ከሮቤ በጎሮ በኩል ወደ ምሥራቅ ይወረዳል። የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ ገብቶ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ዋሻ ፈልፍሏል። ቦታው የሼኽ ሶፍ ዑመር መታሰቢያና የጸሎት ስፍራ ስለሆነ ባይናኩላር አንጠልጥሎ ዘው ብሎ መግባት ነውር ነው፤ መጀመሪያ የመንደሩን ሽማግሌዎች ሰላም እንላለን። የምንፈልጋት ወፍ ሳልቫዶሪ የምትባል ድምቡሽቡሽ ያለች፣ ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነ ዘር በል ናት። ከኢትዮጵያ ውጭ የለችም። ብዙ ጊዜ የምትገኘው ከመንደሩ በላይ ባለው የድንጋይ ግድግዳ ላይ ነው።

ሦስተኛውና ረጅሙ የደቡቡ ጉዞ ነው፤ ነገሌ፣ ገናሌ፣ ዳዋ፣ ያቤሎ። ገናሌ ዳር ባሉ ሾላዎች ላይ የሩስፖሊ ቱራኮ የሚባል ወፍ አለ፤ አረንጓዴ አካል፣ አናቱ ላይ ነጭ ጉትዬ፣ ሲበር ቀይ ክንፍ። ታሪኩ እንግዳ ነው። ኢጣሊያዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ገድሎት ሲሞት ከሰበሰባቸው ወፎች መካከል ተገኘ፤ የት እንደያዘው ግን ጽፎ አልተወም። ሳይንሳዊ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1896 ያገኘው ወፍ እንደገና እስኪታይ ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ ሄደ። ወደ ዳዋ ድልድይ ሲወርዱ ደግሞ ወንዙን ተከትለው በሚሄዱ ዛፎች ላይ ክንፏ ነጭ የሆነች ዋኔ ትገኛለች፤ የምትኖረው በእነዚህ የደቡብ ወንዞች ዳር ነው፤ ከዚያ ውጭ ብዙም አትሄድም። ያቤሎ ሸለቆ ባይሆንም መንገዳችን ላይ ስለሆነ አናልፈውም። እዚያ ያለው ግራጫ የቁራ ዘመድ፣ ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያለው፣ ከያቤሎ፣ ከሜጋና ከአሬሮ አካባቢ ወጥቶ አይኖርም።

የትኛው ወር ይሻላል?

ለአዋሽ ከጥቅምት እስከ የካቲት። ሙቀቱ ይታገሣል፤ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡ ወፎችም በዚያ ጊዜ እዚህ ናቸው። ከመጋቢት በኋላ ቀትር ላይ 40 ዲግሪ መድረሱ አዲስ ነገር አይደለም። ያም ሆኖ ውሃ በጣም የሚያንስበት ወቅት ስለሆነ ጥቂት በቀሩ ኩሬዎች ዙሪያ የሚታየው ወፍ ይበዛል፤ ሙቀት የሚችል ሰው በዚያ ጊዜ ቢመጣ አይከፋም። በሐምሌና በነሐሴ ብዙዎቹ ወፎች የጋብቻ ላባቸውን ለብሰው ያማሩ ናቸው፤ ችግሩ ጭቃው ነው፤ አላይደጌ ላይ ላንድክሩዘርም ይሰምጣል።

የነገሌና የቦረናው ዝናብ ከደጋው ጋር አይሄድም። ቦረናዎች “ገና” የሚሉት (ከበዓሉ ጋር አይገናኝም) በመጋቢት አጋማሽ የሚጀምር ዝናብና “ሀጋያ” የሚሉት በመስከረም መጨረሻ የሚጀምር ዝናብ አሉ። ስለዚህ የደቡቡን ጉዞ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ወይም በሐምሌና በነሐሴ እናደርጋለን።

ቀኑ እንዴት ይውላል?

ከማለዳው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሻይ በፔርሙዝ፣ ዳቦና ቆሎ ይዘን እንወጣለን። 12 ሰዓት ሲሆን ቦታችን ላይ መሆን አለብን። እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ የቀኑ ፍሬ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወፉም ሰውም ጥላ ይፈልጋል። ከ5 እስከ 9 ሰዓት እንመገባለን፣ እናርፋለን፣ ጠዋት ያየነውን በማስታወሻ እናስተካክላለን። ቀትር ላይ “ጊዜ ከሚባክን ወጣ ብንል” የሚሉ እንግዶች አሉ፤ እኛ አንመክርም፤ ወፉ ተደብቆ ሙቀቱ ብቻ ነው የሚተርፈው። 10 ሰዓት ላይ እንደገና ወጥተን እስኪጨልም ውሃ ዳር እንቀመጣለን።

ከጨለመ በኋላ፣ ከፓርኩ አጥር ውጭና ሁኔታው በሚፈቅድበት ቦታ፣ ሌሊት የሚበሩትን ነፍሳት በል ወፎች በመብራት እናያለን። በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ነጭ ሳር ሜዳ ላይ መኪና ገጭቶት ከሞተ እንዲህ ያለ ወፍ አንድ ክንፍ ብቻ ተገኝቶ፣ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዝግቧል። በዚች አገር ቆላ ገና ያልታወቀ ነገር እንዳለ ከዚህ በላይ የሚያስረዳኝ የለም።

ስለ ወፍ ምንም አላውቅም፤ ይሆነኛል?

ይሆናል። ቆቅና ጅግራ፣ ቁራና ጥንብ አንሳ የሚለይ ሰው ጀምሯል ማለት ነው። የመጀመሪያው ጠዋት ላይ አሥር ወፍ ብቻ በደንብ እንዲያዩ እናደርጋለን፤ ስሙን ከመንገራችን በፊትም “ምን አዩ?” ብለን እንጠይቃለን። ምንቃሩ ወፍራም ነው ቀጭን? ጭራውን ያወዛውዛል? መሬት ላይ ይራመዳል ወይስ ይዘላል? ይህን ያስተዋለ ሰው በሁለተኛው ቀን የራሱን ወፍ ራሱ ያገኛል። ገጠር ያደጉ እንግዶቻችን ከከተሜው ቀድመው እንደሚያዩም ደጋግመን ታዝበናል፤ ልጅነታቸውን እህል ከወፍ ሲጠብቁ ያሳለፉ ናቸውና።

ባይናኩላር መግዛት አለብኝ?

ለመጀመሪያው ጉዞ እናውሳለን። የራስዎን መግዛት ከፈለጉ ላዩ ላይ 8 በ42 የሚል ጽሑፍ ያለበትን ይፈልጉ። ስምንት እጥፍ ያቀርባል፤ 42 ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፣ እሱም ማለዳና ማታ ብርሃን ያስገባል። ከዚያ በላይ የሚያቀርበው እጅ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ምስሉ ይናወጣል። አያያዙም ብልሃት አለው፤ ወፉን በዓይንዎ እንዳዩት ዓይንዎን ሳያነሱ ባይናኩላሩን ወደ ዓይንዎ ያምጡት። ብዙ ሰው አንገቱን ደፍቶ ባይናኩላሩን ሲያስተካክል ወፉ ይጠፋዋል።

ከውጭ አገር የሚመጡ ከሆነ፣ በተለይ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለገና በዓል የሚገቡ ወገኖቻችን፣ ይህን ልብ ይበሉ፦ ባይናኩላር ኤርፖርት ላይ በጉምሩክ ጥያቄ ሊያስነሳና ሊያዝ ይችላል። የመሣሪያዎን ዓይነትና ቁጥር ቀደም ብለው ይላኩልን፤ ደብዳቤ እናዘጋጃለን። ድሮን ያለ ፈቃድ አይግባ፤ ፈቃድ ቢኖርም በእኛ ጉዞ ላይ አይበርም፤ ጎጆ ላይ ያለ ንስር ድሮን ሲያይ እንቁላሉን ጥሎ ይነሳል።

መኪና አለኝ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ። ያለ አስጎብኚ ብሄድስ?

አዋሽ ፓርክን በራስዎ መኪና መጎብኘት ይችላሉ፤ በር ላይ ከፍለው ስካውት፣ ማለትም የፓርኩን ጠባቂ፣ ይዘው መግባት ነው። ስካውቱን እንደ ግዴታ ብቻ አይዩት። ሳላው የት እንዳደረ፣ የትኛው ኩሬ እንደደረቀ፣ የትኛው መንገድ እንደተቆረጠ የሚያውቀው እሱ ነው።

ከፓርኩ ውጭ ግን ነገሩ ይለያል። የቆላ ውሃ ባለቤት አለው። ፈንታሌ ሥር ያለው ኩሬ የከረዩ ከብት መጠጫ ነው፤ አላይደጌ የአፋር ግጦሽ ነው፤ ቦረና ውስጥ እያንዳንዱ ጉድጓድ በሥርዓት የሚተዳደር፣ ተራ ያለው ነው። የማያውቁት ሰው መኪናውን ውሃው አጠገብ ካቆመ ግመሎቹ ይደነግጣሉ፤ ቀን ሙሉ የተጓዘ ከብት ሳይጠጣ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ነገር ከተፈጠረ በኋላ ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ በሩ ይዘጋል። እኛ ከየአካባቢው አብሮን የሚሠራ ሰው አለን፤ ስንደርስ መጀመሪያ እሱን እናገኛለን፣ ከብት ጠጥቶ እስኪያበቃ ዞር ብለን እንጠብቃለን፣ ከዚያ እንቀመጣለን። አንዳንዴ አንድ ኩባያ የግመል ወተት ይመጣል። ከእንግዳው ክፍያ ለእነዚህ ሰዎች የሚደርሰው ድርሻ ዋጋው ውስጥ ተካቷል። አስጎብኚ ማለት ለእኔ በመጀመሪያ ይህ ነው፤ ወፍ መለየት ሁለተኛ ነው።

አደጋ የለውም?

አለው፤ ተራ በተራ ልንገርዎ።

ብዙ ሰው የማያስበው ትልቁ ነገር ደራሽ ጎርፍ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ደጋ ላይ የዘነበ ዝናብ በደረቁ ወንዝ በኩል ይመጣል። መጀመሪያ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ግንድና ድንጋይ የተሸከመ ድፍርስ ውሃ ይደርሳል። ስለዚህ አሸዋው የቱንም ያህል ቢመች በደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንኳን አንተክልም፣ መኪናም አናቆምም። ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ስንገባ ከሁለቱም በኩል መውጫውን ቀድመን እናያለን። አስጎብኚው “ውጡ” ካለ ካሜራ ለመሰብሰብ አይዘገይም።

ሁለተኛው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ በተከታታይ መንቀጥቀጥ ተከስቶ መሬት ተሰነጠቀ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ስለዚህ ወደዚያ የሚደረግ ጉዞ ሁሉ የሚጸናው የፓርኩን ጽሕፈት ቤትና የወረዳውን መረጃ በጉዞው ሳምንት ካጣራን በኋላ ነው። የጸጥታውን ሁኔታም እንዲሁ። ካላማረን እንሰርዛለን፤ ገንዘብዎ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፣ ወይም በፈቃድዎ ወደ ሌላ መንገድ እንቀይራለን።

አዋሽ ወንዝ ውስጥ አዞ አለ። ከፏፏቴው በታች ያለው የተረጋጋ ውሃ በጣም ያምራል፤ እግርዎን እንኳ አይንከሩ። የአካባቢው ውሃ የቢልሃርዝያ ስጋትም አለበት። ሁሉም ቦታዎቻችን የወባ አገር ናቸው፤ ስለ መከላከያ መድኃኒት ከመነሳትዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ፣ አጎበር እኛ እንይዛለን። ዝንጀሮዎቹን ምግብ አያሳዩ። ፏፏቴው አካባቢ ያሉት ሰው ለምደዋል፣ ከእጅ ይቀማሉ። ድንጋይ ከመጨበጥዎና ጫማዎን ከማጥለቅዎ በፊት ለእባብና ለጊንጥ ይመልከቱ።

ምን ልልበስ? ምን ልያዝ?

ካኪ፣ ቡናማ፣ ደብዛዛ አረንጓዴ። ነጭና ደማቅ ቀለም ከሩቅ ይታያል። ሬንጀር የሚመስል ልብስ ግን በፍጹም አይልበሱ፤ በፍተሻ ኬላ ላይ ለእርስዎም ለእኛም ችግር ነው። እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ ሸሚዝ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ እሾህ የማይበሳው ጫማ ይበቃል። የግራር እሾህ ስሊፐር አልፎ ይገባል። ለማለዳ ሹራብ ይጨምሩ፤ ቆላም ቢሆን በታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን አምስት ሊትር አስልተን እንጭናለን፤ ሳይጠማዎት ይጠጡ።

ምግብና ማደሪያውስ?

አዋሽ ላይ ሎጅ አለ፤ ሶፍ ዑመር ሲሆን ጎባ ወይም ሮቤ ሆቴል እናድራለን፤ ነገሌና ያቤሎ ከተማ ውስጥ ደህና ፔንሲዮን ይገኛል፤ ዳዋ ላይ ድንኳን ነው። ጾም ከያዙ ሲመዘገቡ ይንገሩን፤ ከእኛ ጋር ያለችው ምግብ አብሳይ በከሰል ላይ የምትሠራው ተጋቢኖ ለጾመኛ ብቻ አይቀርም፣ ሁሉም ይሻማበታል። በረመዳን ለሚጾሙ የምሽቱን ፕሮግራም ከአፍጥር ጋር እናስማማለን፤ በጠራራ ፀሐይ ውሃ ሳይጠጡ በእግር መሄድ ስለሚከብድ ግን ከተቻለ ሌላ ወር ቢመርጡ ይሻላል።

በስልክ የወፉን ድምፅ ከፍቼ ብጠራው ምን ችግር አለው?

ወፉ የሚመጣው ሌላ ወንድ ግዛቱን የወረረበት መስሎት ነው። ጎጆውን ትቶ፣ መብላቱን ትቶ ይመጣል፤ በዚያ ሙቀት የሚያባክነው ጉልበት ትርፍ አይደለም። በተለይ ብዙ ሰው በሚሄድባቸው ቦታዎች አንዱ ወፍ በሳምንት ብዙ ጊዜ ሊጠራ ነው። ስለዚህ በእኛ ጉዞ ላይ እንግዳ ድምፅ አይከፍትም። አስጎብኚው አስፈላጊ ከሆነ አንዴ፣ ለአጭር ጊዜ ያሰማል፤ በመራቢያ ወራትና ለመጥፋት በተቃረቡ ወፎች ላይ ግን እሱም አያደርገውም።

ብርቅዬዎቹን እንደማይ ዋስትና አለ?

የለም፤ ዋስትና የሚሰጥዎት ካለም አይመኑት። ቱራኮውን አብዛኛውን ጊዜ እናገኛለን፣ የያቤሎውን ቁራ ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል። የሊበን ላርክ የሚባለው ወፍ ግን ሌላ ነው። ነገሌ አጠገብ ባለው የሊበን ሜዳ ላይ በሣር ውስጥ የሚሮጥ ትንሽ ቡናማ ወፍ ነው፤ በአፍሪካ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አንዱ። ሜዳው ከፊሉ ታረሰ፣ ከፊሉ በቁጥቋጦ ተያዘ፣ የቀረው ሣር በግጦሽ አጠረ። አሁን ተስፋው ማኅበረሰቡ አጥሮ ሣር የሚያሳድግባቸው ከሎዎች ናቸው። ድርቅ ሲመጣ ለጥጃ የሚሆን ሣር፣ ለወፉ ደግሞ መደበቂያ ይተርፋል። እዚያ ተራ ይዘን ሜዳውን እያሰስን አንሄድም፤ ጎጆው መሬት ላይ ስለሆነ አንድ እርምጃ ይበቃዋል። ዳር ቆመን ማለዳ ከሣሩ ተነስቶ ሲዘምር እንጠብቃለን፤ ካልተነሳ እንመለሳለን። ይህን መቀበል የሚከብደው ሰው ደቡቡን ለጊዜው ቢያቆይ እመርጣለሁ።

ልጆችና ትልልቅ ሰዎች ይችሉታል?

አዋሽን ይችላሉ። ገደሉ አፋፍ ድረስ በመኪና ይደረሳል፣ መቀመጫ ወንበር እንይዛለን። ከስምንት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ደስ ብሎት ይውላል፤ ከዚያ በታች ግን 12 ሰዓት ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ ይከብደዋል፣ ገደሉም አጥር የለውም። ለልብ ወይም ለደም ግፊት ሕመምተኛ ሞቃታማዎቹን ወራት አንመክርም። ሶፍ ዑመር መውረጃው ድንጋያማ ነው፤ ጉልበት የሚያም ሰው ከላይ ሆኖም ገደሉን ማየት ይችላል፣ ሳልቫዶሪም ያለችው እዚያው ነው። የደቡቡ ጉዞ ረጅም የኮረኮንች መንገድ ስላለው ለልጆች አይሆንም።

ያየሁትን የት ልመዝግብ?

ኢበርድ የሚባለው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መተግበሪያ በነፃ ነው፤ ቀኑን፣ ቦታውንና ቁጥሩን ያስገባሉ፣ ኔትወርክ በሌለበትም ይይዝና በኋላ ይልከዋል። የዚያው ተቋም መርሊን የሚባለው ደግሞ በፎቶ ለመለየት ያግዛል፤ የአገሩን ጥቅል አዲስ አበባ እያሉ ዋይፋይ ላይ ያውርዱት። ከአገራችን ቆላ የሚገባው መረጃ አሁንም አብዛኛው የውጭ ጎብኚ ያስገባው ነው። እርስዎ ለዘመድ ጥየቃ ድሬዳዋ ሲሄዱ አዋሽ ድልድይ አጠገብ ያዩትን ቢያስገቡ፣ ማንም በማይመጣበት ግንቦት ላይ እዚያ ምን እንዳለ ይታወቃል። የጎጆ ቦታ ግን በትክክል አይጻፍ፣ ፌስቡክ ላይም አይለጠፍ፤ የአካባቢውን ስም ብቻ መጥቀስ ይበቃል። እርግጠኛ ያልሆኑበትን ወፍ ፎቶ አንስተው ይላኩልን፤ ማታ ማታ ተሰብስበን እንደዚህ ያሉትን እናያለን፣ መልሱንም ከነምክንያቱ እንጽፍልዎታለን።